የንስሐ አባቴን ሳስተምር

እምቢ ባይ በሽተኛ አያስፈራኝም። ነርስ ከሆንኩ ጀምሮ ያልተቆጣኝ፣ ያላኮረፈኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ የወለደችኝ እናቴ እንኳ እንዲህ አትናገረኝም» ያላለኝ የለም። እኔም አልተኛላቸውም። ምላሴ፣ ተመስገን ነው፣ ከማንም አያንስም። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አንጀቴን የበላኝ ያስተማርኩትን ሁሉ አንዲት ሳያጎድል የተማረ ሰው ነው። ያውም የንስሐ አባቴ።

ተወልጄ ያደግሁት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ሥራ የደረሰኝ ግን ስማዳ ነው፣ ከወገዳ ከተማ ራቅ ብሎ ደጋው ላይ ባለ ጤና ጣቢያ። ክረምት ከገባ መንገዱ ጭቃ ይሆንና መኪና የሚባል ነገር ዝር አይልም። ጠዋት ጠዋት አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ለሚጠብቁ ሰዎች ቆሜ አስተምራለሁ። ስለ ክትባት፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳር በሽታ፣ ስለ ንጽሕና። ይሰሙኛል፣ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ፣ «እግዜር ይስጥሽ ሲስተር» ይሉኛል። ቤታቸው ሲገቡ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ከሁሉ የባሰብኝ ጾም ነበር። መድኃኒት የሚወስደው ሰውዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጦሙን ውሎ አልጋ ላይ ተሸክመው ያመጡልኛል። ነፍሰ ጡሯ ደሟ አልቆ ከንፈሯ ነጭ ሆኖ፣ «ብዪ እንጂ እህቴ!» ስላት፣ «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ነፍሲቱ የኔ» ትለኛለች። ዓመት ሙሉ ለፈለፍኩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

በመጨረሻ የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ አማረርኩ። እዚሁ ከጤና ጣቢያው በላይ ያለችው ደብር ቄስ ናቸው፤ ለአገሩ እንግዳ ስለነበርኩ ነፍስ አባት ሁኑኝ ብዬ የያዝኳቸው በመጣሁ ሰሞን ነው። ሰምተውኝ ሳቁ። በማግስቱ ከእርሻ ሲመለሱ፣ ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው አግዳሚው ፊት ቆሙ።

«መድኃኒት የሚወስድ ማነው ከዚህ?» አሉ። ሁሉም ዝም። «እሺ፣ ሁላችሁም ናችሁ ማለት ነው። በሉ ስሙ። በሽተኛ አይጾምም። ፈትቻችኋለሁ። ሲስተር ብሉ ስትላችሁ ብሉ። ኃጢአት ከሆነ በኔ ይሁን፣ እኔ እመልሳለሁ። ወተት የሚያስጠላው ደግሞ ካለ ለኔ ለፋሲካ ያቆይልኝ።»

ሳቁ፣ መስቀል ተሳለሙ፣ ሄዱ። እኔ ዓመት ሙሉ ተንጨርጭሬ ያልሆነልኝን እሳቸው ቆመው ጨረሱት። ደስ አለኝ፣ ቅናትም ቢጤ ሳይሰማኝ አልቀረም። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ቀለለ። ማንም ሲያንገራግር «አባ ብለዋል» ማለት ብቻ ነው።

ታዲያ እኒሁ ሰው መክሳት ጀመሩ። «እርሻው ነው፣ ዕድሜው ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ንስሐ ልገባ ሄጄ ኃጢአቴን ስዘረዝር፣ «ቆይ ልጄ» ብለው አስቆሙኝና አንድ ማሰሮ ውሃ ጭልጥ አድርገው ጠጡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ሽንታቸውን ሊሸኑ ወጡ። ተመልሰው ውሃ። እኔ ኃጢአቴን ረሳሁት። «አባ፣ ነገ በጠዋት ጤና ጣቢያ ይምጡ» አልኳቸው። ንስሐ ገቢዋ እኔ፣ ቀኖና ሰጪዋም እኔ።

ስኳራቸው አናት ላይ ወጥቷል። ወደ ደብረ ታቦር ላክናቸው፣ ኪኒን ተሰጣቸው፣ ኪኒኑ አልበቃ አለ፣ ከዚያ ኢንሱሊን ጀመሩ። መርፌውን ራሳቸው እንዲወጉ ማስተማር የኔ ድርሻ ሆነ።

እንዲህ ያለ ተማሪ አይቼ አላውቅም። ቅዳሴን በቃሉ ያጠና ሰው ምን ያቅተዋል! አንዴ እናገራለሁ፤ «ድገሚልኝ» ይላሉ፤ ሁለተኛ ስናገር ከንፈራቸው አብሮኝ ይንቀሳቀሳል፤ ሦስተኛውን እሳቸው ናቸው የሚሉት። መድኃኒቱ እንዳይሞቅ እርጥብ አሸዋ ባለበት ማሰሮ ውስጥ ይቀመጣል። ሆድ ላይ፣ ዛሬ በዚህ በኩል፣ ነገ በዚያ። ከተወጉ መብላት ግድ ነው። ካልበሉ ስኳሩ ይወርዳል፤ ሲወርድ ያልባል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል፣ ነገር ይምታታል፤ ያን ጊዜ ቶሎ ስኳር መላስ ነው፤ ዝም ካሉት ሰው ይወድቃል፣ ይሞታልም። እንዲያውም ዜማ ሊያወጡለት ምንም አልቀራቸውም። ለባለቤታቸውም ቤት ገብተው ያንኑ አስተማሩ። ደረቴን ነፋሁ፣ ምን ልዋሽ።

እዚህ ላይ ነው ቅዳሴው የመጣው።

«አባ፣ ነገ የሚቀድሱ ከሆነ ከዛሬ ማታ ጀምረው እህል ውሃ አይቀምሱም አይደል?» አልኳቸው።

«አልቀምስም።»

«እንግዲያው ሰውን ሁሉ እንደፈቱ እርስዎንም የሚፈታ ይፈለግ።»

«እኔም እኮ የንስሐ አባት አለኝ» አሉ። «ብላ ይሉኛል፣ እኔም እበላለሁ። ግን በልቶ የቀደሰ ቄስ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ አይቀድሱ!»

«ማን ይቀድስ?»

ይህን የማያውቅ ካለ ልንገረው። ቅዳሴ ሲያንስ ሲያንስ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ይፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ። ከቄሶቹ አንደኛው ጉልበታቸው የከዳቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ተደግፈው ነው የሚገቡት። ሦስተኛ የነበረው ከተማ ከገባ ቆየ። አባ ከቀሩ ቅዳሴ የለም። ቅዳሴ ከሌለ ሕፃን ክርስትና አይነሣም፣ የሚቆርብ አይቆርብም፣ ደብሯ ተዘግታ ትውላለች። ሌላ ካህን ይላክልን ተብሎ አመልክተናል። ቄስ ከየት ይምጣ? ያላጣ ደብር የለም።

ደብረ ታቦር ላለው ሐኪም ደወልኩና መላ አበጀን። መርፌው ቀነሰ፤ ቀን ቀርቶ ማታ ብቻ ሆነ፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ይወጋሉ፣ ወዲያው እራታቸውን ደህና አድርገው ይበላሉ፣ ጠዋት ቀድሰው ሲወጡ ይቀማምሳሉ። ስኳሩ እንደሚፈለገው አልወረደም፣ ግን ደህና ነበሩ። እኔም ይኸው ተሳካልኝ ብዬ እንቅልፌን ተኛሁ።

ሐምሌ ውስጥ አንድ እሑድ ቅዳሴ ሄድኩ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሴቶቹ በሚቆሙበት በኩል ስገባ ባለቤታቸው አገኙኝና ክንዴን ያዙኝ።

«ሲስተር፣ አባ ማታ እራት አልበሉም» አሉኝ በጆሮዬ።

«ምነው? መርፌውስ?»

«መርፌውንማ ተወጉ። ማዕዱ ቀርቦ እጃቸውን ሲታጠቡ ወንዝ ማዶ የሚያጣጥር ሰው አለ ብለው ጠሯቸው። ‹ሳይናዘዝ እንዳይሞት› ብለው ብድግ አሉ። ሲመለሱ መሽቷል። ‹ነገ ቀዳሽ ነኝ› ብለው አልቀመሱም። ብለምን ብለምን እምቢ አሉ።»

የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። የማታ መርፌ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ አሁንም እየሠራ ነው፤ ሆዳቸው ባዶ ነው፤ ቅዳሴው ተጀምሯል፤ እሳቸው መቅደስ ውስጥ ናቸው። እኔ ሴት ነኝ፣ እዚያ አልገባም። ባለቤታቸውን ከቤት ስኳር አስመጣሁና በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት እንኳ አላውቅም።

አባ ወንጌል ለማንበብ ወጡ። አነበቡ፣ ደህና ናቸው አልኩ። ከዚያ ሕዝቡን ወንጌል ለማሳለም ወደኛ በኩል ሲመጡ ፊታቸውን አየሁት። የሁላችን ትንፋሽ በብርዱ ይጨሳል፣ የእሳቸው ላብ በጺማቸው ላይ ይወርዳል። ተራዬ ሲደርስ መጽሐፉን እንደሚስም ሰው ጎንበስ ብዬ «አባ፣ ስኳር ይዣለሁ። በእመብርሃን፣ ያቁሙ» አልኳቸው።

«አውቄዋለሁ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ላቡ መጥቷል። መንቀጥቀጡም መጥቷል። ልቤም ይመታል። እንዳልሽው ነው፣ አንዱም አልቀረ።»

ወንጌሉን ከከንፈሬ አንሥተው ለሚቀጥለዋ ሴት ሰጡ።

ስንቱን በሽተኛ ምልክቱን አላውቀውም ነበር ብሎኝ ተናድጄበታለሁ! ይኸው የሚያውቅ። በቅደም ተከተል፣ እኔ በነገርኳቸው ቃል የሚያውቅ። ታዲያ ምን ጠቀማቸው? ምን እንደሚጥላቸው እያወቁ እንዲወድቁ ነው ያስተማርኳቸው?

ወደ ውስጥ ገቡ፣ መጋረጃው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በጆሮዬ ብቻ ነበር የምከታተላቸው። ድምፃቸው ሥሥ ሆነ። ተንቀጠቀጠ። አንዱን ቃል ሁለቴ አሉት፤ ዝም አሉ፤ ሽማግሌው ቄስ አነሡላቸው። ቀጠሉ። ደግሞ ተቆረጠ።

አጠገቤ የቆመችው ሴት እንባዋን ጠረገች። «እይ፣ አባ ዛሬ እያለቀሱ ነው የሚቀድሱ» አለችኝ። «መንፈስ ቅዱስ ነክቷቸው ነው።» የሰማችው ሁሉ ማልቀስ ጀመረች። ወንዶቹም በዚያ በኩል ይነፋረቃሉ። ደብሩ በሙሉ አለቀሰ። ሰው እንዲህ ያለ ቅዳሴ ሰምቶ አያውቅም፣ እስካሁንም ያወራዋል። ስኳራቸው እየወረደ ነው፣ ማልቀስ አይደለም ብዬ ልጮኽ አፌን ከፈትኩ። ማን ይሰማኛል? ቢሰሙኝስ ማን ያስቆመዋል? ኅብስቱ ተባርኮ፣ ወይኑ ተባርኮ ቅዳሴ አይቋረጥም። ስኳሯን ከቀመሷት ደግሞ ቀዳሹ ራሳቸው መቁረብ አይችሉም። እኔም ቤተ ክርስቲያን ነው ያደግሁት፣ ይህን አጥቼው አይደለም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

አቆረቡ። ዲያቆኑ በሰላም ግቡ ብሎ ሕዝቡን አሰናበተ። ከዚያ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማን።

በአልጋ ተሸክመው ሲያመጧቸው እኔ ቀድሜ ሮጬ ጤና ጣቢያውን ከፍቻለሁ። ራሳቸውን ስተዋል፤ በአፍ የሚሰጥ ነገር የለም። ደም ሥራቸው አልገኝ አለኝ። እጄ ከእሳቸው ብሶ ይንቀጠቀጣል። «አንቺ ብቻ አትሙቺብን» አለኝ አንዱ ተሸካሚ፣ እንዲያ ሆኜ ሳቄ መጣ። ደም ሥሩ ተገኘ። ግሉኮሱን ገፋሁት። ዐይናቸውን ገለጡ።

«ከቅዱስ ሥጋው የወደቀ አለ?» አሉ። የመጀመሪያ ቃላቸው ይኸው ነው።

«የለም አባ፣ በሰላም ነው ያለቀ» አለ ዲያቆኑ።

እሳቸው በደስታ አለቀሱ። እኔ በንዴት።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ በልተው፣ ጠጥተው፣ ልብ ገዝተው ሲቀመጡ ወረድኩባቸው። የንስሐ አባት ናቸው አላልኩም። «ይኸ ራስን መግደል ነው! ሁለተኛ ቢያደርጉት የንስሐ ልጅዎ አይደለሁም! ሌላ ነፍስ አባት እፈልጋለሁ!» አልኩ። ብዙ አልኩ። አስጨርሰው ሰሙኝ።

«ልክ ነሽ» አሉ። «እንዲህ ሁለተኛ መሆን የለበትም። እጄ ሲንቀጠቀጥ ምን ይዤ እንደነበር ታውቂያለሽ? አንዲት ፍርፋሪ መሬት ብትወድቅ እኔ ምን ብዬ እቆማለሁ?» ደግሞ ቀጠሉ። «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳልበላ መወጋት የለብኝም ብለሽኛል።»

«አዎ።»

«መቼ እራቴን ጥዬ እንደምጠራ ግን አላውቅም። የሚሞት ሰው ቀጠሮ አይሰጥም።»

«አዎ አባ።»

«እንግዲህ መርፌውን ጨርሶ ብተወው፣ መቅደስ ውስጥ እንዲህ አድርጎ አይጥለኝም። እውነት ነው ወይስ ሐሰት?»

ወይ ጉድ! የገባኝ እንኳ ዘግይቶ ነው። «መርፌውን ከተዉማ በሽታው ይገድልዎታል!» አልኩ።

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ላቡ፣ መንቀጥቀጡ፣ መውደቁ ከመርፌው ነው ብለሽ አስተምረሽኛል። ብተወው ይቀራል? እውነት ወይስ ሐሰት?»

ልዋሽ አሰብኩ። ሐሰት ነው ብዬ ፈርጠም ብዬ ልናገር። ኃጢአቴን ለሚሰማ ሰው፣ ዐይን ዐይኔን እያየ? ቢያውቁብኝስ ሌላውን ያስተማርኳቸውን ሁሉ ማን ያምነኛል?

«እውነት ነው አባ» አልኩ።

«በይ እግዚአብሔር ይባርክሽ» ብለው ተነሡ። «ለባለቤቴ እኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ አንቺ አትቅደሚኝ። አደራ።»

ከዚያ ያላደረግሁት የለም። ሐኪሙን አስደወልኩላቸው፤ በትሕትና አመሰገኑት። ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ ሽማግሌዎቹ ቡራኬ ተቀብለው፣ ፍልሰታ በየቀኑ እንደሚቀደስ አረጋግጠው ደስ ብሏቸው ተመለሱ። ምን ያድርጉ፣ እነሱም ደብራቸው እንዳይዘጋ ነው። ትንሽ ትንሽ እንኳ ይውጉ ብዬ ደጃቸው ቆሜ ለመንኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ።

ፍልሰታ ገባ። በየቀኑ ቀደሱ። ድምፃቸው ጥርት አለ፣ እጃቸው አይንቀጠቀጥም፣ አንዲት ቃል አይደግሙም። ሰዉ «አባ ዳኑ» ይላል። እኔ ከሴቶቹ መካከል ቆሜ የአንገታቸውን አጥንት እቆጥራለሁ።

በሱባኤው አጋማሽ፣ ጠዋት፣ አግዳሚው ሞልቶ ሳስተምር ባለቤታቸው መጡ። ድንች በቅርጫት አዝለዋል። ቅርጫቱን እግሬ ሥር አስቀምጠው፣ በሰው ሁሉ ፊት ትከሻዬን ሳሙኝ።

«አባን ያዳነችልኝ ይቺ ናት!» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «ከመርፌ አወጣችልኝ። ይኸው አሁን አይወድቁ፣ አይንቀጠቀጡ። ደህና ይተኛሉ። ውሃ ብቻ ነው የሚያበዙ፣ ማሰሮው አይበቃቸውም።»

ግማሹን ነው የነገሯቸው። የሚያስደስተውን ግማሽ።

ከአግዳሚው ጫፍ አንድ ገበሬ ተነሣ። መርፌ ከጀመረ ቆይቷል፤ ከአባ ጋር ነው አንድ ላይ ያስተማርኳቸው። «እኛስ ሲስተር?» አለኝ። «እኛንስ መቼ ነው መርፌውን የምታስተዪን?» እንደሱ መርፌ የሚወጉት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። መርፌዋን ከሰው ደብቃ የምትወጋ አንዲት ወጣት ሴት ሳትቀር ፊቷ በራ።

ዝም ብል እነዚህ ሁሉ ዛሬውኑ ቤታቸው ገብተው መርፌውን ይጥሉታል። ብናገር ደግሞ ሴትዮዋ እፊቴ ናቸው፤ እጃቸው ገና ትከሻዬ ላይ ነው። አደራውም አለ።

«ማንም እንዳይተው» አልኩ። «መርፌውን ያቆመ ሰው ይሞታል። አባም አልዳኑም። ውሃው እኮ በሽታው ነው፣ እናቴ። እየጨረሳቸው ነው።»

ሴትዮዋ እጃቸውን ከትከሻዬ ላይ አነሡ። አልጮኹም፣ አልተቆጡኝም። ያልገባው ተማሪ እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁኝ።

«ለአባ ‹እውነት ነው› ብለሽ የለም እንዴ?» አሉኝ።